ምንጩ ያልተገኘ ዓረፍተ ነገር

መምህሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የምዕራቡን ዓለም ፍልስፍና ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጣ። ተማሪዎቹ በስሙ ሲጠሩት የሰማ የለም፤ «ምንጩስ» ነበር የሚሉት። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ የሆነ ነገር ገና ሲጀምር «ምንጩስ?» ብሎ ያፋጥጠዋል። የትኛው መጽሐፍ? ስንተኛው ገጽ? ማን ነው ያለው? የሰው አባባል ያለ ምንጭ የሚያወራ ሰው እሱ ዘንድ ከሌባ አይሻልም። ጡረታ ከወጣም በኋላ ጋዜጣ ሲያነብ ከጋዜጣው ጋር ይጨቃጨቃል። ክፉ ሰው ግን አይደለም፤ ይሄን አሁኑኑ የምናገረው ኋላ ስትፈርዱበት እንድታስታውሱት ነው።

ሚስቱ እዚያው ትምህርት ቤት ጽሕፈት ክፍል ትሠራ ነበር፤ ለክፍል የሚያዘጋጀውን ማስታወሻ ሁሉ በታይፕ የምትመታው እሷ ናት። ያን ጊዜ ጽሑፍ የሚባዛው በስቴንስል፣ ሰም በተቀባ የታይፕ ወረቀት፣ ነበር። ስቴንስል ደግሞ ምሕረት የለውም፤ አንድ መስመር ከተዘለለ መሀል ላይ መሰንቀር አይቻልም፣ ገጹ ከአናቱ ጀምሮ እንደገና ይመታል። እሷ ግን ፊደል እንኳ አትስትም እየተባለ የሚመሰከርላት ሴት ነበረች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት ሠዓሊ ቤታቸው መጣች። የድሮ ተማሪው ናት፤ ዛሬ የሰው ፊት በመሣል ስም አትርፋለች። ስለ አዲሱ ሥራዋ ነገረችው። እነዚያ ታላላቅ ፈላስፎች ስለ ሴት ያሉትን ስትሰበስብ ከርማለች። አንዱ ሴትን ጎደሎ ወንድ ያደርጋታል፣ ሌላው ዕድሜ ልኳን ሕፃን፣ ሦስተኛው ለመታዘዝ ብቻ የተፈጠረች። ሠዓሊዋ ታዲያ ለእያንዳንዱ አባባል የምታውቃትን አንዲት ሴት ትሥላለች፤ አዋላጅ፣ የሂሳብ መምህርት፣ ልብስ ሰፊ። አባባሉን ከዝርዝሩ የምትመርጠው ራሷ ሴትየዋ ናት። ከሥዕሉ ሥር ካርድ ላይ ይጻፋል፣ ሴትየዋም ከላይ ሆና የሚያነበውን ሰው ፊት ለፊት ታየዋለች። ሌላ መልስ አልተጻፈም። መልሱ ፊቷ ነው።

ከአሥራ ሁለቱ ሴቶች አንዷ የመምህሩ ሚስት ነበረች። አንድ ወር ሙሉ ሠዓሊዋ ዘንድ ስትመላለስ መምህሩ ያውቃል፤ «በስተርጅና ሞዴል አገባሁ» እያለ ሲቀልድባት ነው የሰነበተው።

ሠዓሊዋ የመጣችው ግን ለሌላ ጉዳይ ነው። ከመጻሕፍትና ከድሮ የተማሪነት ደብተሮቿ የለቃቀመቻቸውን አሥራ ሁለት አባባሎች ሰጠችውና የየአንዳንዳቸውን ባለቤት እንዲፈልግላት ለመነችው። ካርዶቹ ሐሙስ ማተሚያ ቤት መግባት አለባቸው። መምህሩ ደስታውን የሚያደርግበት አጣ። የሚጠይቀው ሰው ካጣ አራት ዓመት ሆኖታላ።

አሥራ አንዱን በሁለት ቀን ከነገጻቸው አገኛቸው። ልቡን ያደረቀችው ሚስቱ የመረጠቻት አሥራ ሁለተኛዋ ናት፦ «የሰው ሐሳብ በሴት እጅ ያምራል፤ ከሴት እጅ ግን ሐሳብ አይወጣም።»

መደርደሪያውን አራቆተው። ጀርመኖቹን ጠረጠረ፣ ወደ ፈረንሳዮቹ ዞረ፣ ተስፋ ቆርጦ ወደ ግሪኮቹ ተመለሰ። ምግብ ጠረጴዛው ሳይቀር መጽሐፍ በመጽሐፍ ሆነና ምሳቸውን ሳህናቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሉ። ሐሳቡስ ይቅር፣ ሰውዬው ግን ብዕር አለው፣ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከማንም ብዕር አይወጣም እያለ ለሚስቱ አደነቀላት። እሷ ውሃ ቀዳችለት። በማግስቱ ጠዋት ማድነቁን ሲቀጥልባት ግን ትዕግሥቷ አለቀ መሰለኝ፣ መኝታ ቤት ገብታ አንድ ቡናማ ፖስታ ይዛ መጣችና ከተከፈተው መጽሐፍ ላይ አኖረችለት።

ውስጡ ሁለት ወረቀት ነበር። ከራሱ ማስታወሻ አንዲት ገጽ፣ ሁለት ጊዜ የተመታች። በመጀመሪያው ላይ ያቺ ዓረፍተ ነገር የለችም። ህዳጉ ላይ በቀይ እስክሪብቶ፣ በገዛ እጅ ጽሑፉ፣ «አንድ መስመር ተዘሏል። ልብ ተብሎ ይሠራ። ገጹ ይደገም» ይላል። በሁለተኛው ላይ መስመሯ ቦታዋን ይዛ ገብታለች። ምንጭ አልተጠቀሰላትም።

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። የፈላስፎቹን አባባል ደርድሮ ሲጨርስ ክፍሉን ለማሳቅ ከራሱ ያከላት ማሳረጊያ ነበረች። በየዓመቱ አንብቧት ሳቁ እስኪበርድ ይጠብቅ ነበር፤ ከፈላስፎቹ ጋር ተቀላቅላበት የራሱ መሆኗን ረስቶት ኖሯል። ሴቶቹ ተማሪዎችም ይስቃሉ። ሠዓሊዋም ከእነሱ ጋር ስቃ፣ ስትጨርስ ከፈላስፎቹ ተርታ ደብተሯ ላይ አስፍራታለች።

«ረስተሽ የዘለልሽው መስሎኝ ነበር» አላት።

«አልረሳሁም። አውቄ ነው የተውኩት።»

«ታዲያ ለምን ያኔ አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ እኮ። ገጹን ሙሉ መትቼ ያቺን ብቻ ስተዋት፣ ከዚያ በላይ በምን ቋንቋ ልንገርህ?»

ለሠዓሊዋ ነግራት እንደሆነ ጠየቃት። አልነገረቻትም። «እሱን ለአንተ ትቼዋለሁ» አለችውና ወረቀቶቹን መልሳ ፖስታው ውስጥ ከተተቻቸው።

ሐሙስ ጠዋት ሠዓሊዋ ደወለች። መምህሩ ስሞቹን ከነገጻቸው አንድ በአንድ አጻፋት። ሚስቱ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች። አሥራ ሁለተኛዋ ላይ ደረሰ።

«እሷ እንኳ አልተገኘችም። ያልታወቀ ብለሽ እለፊያት።»

እርስዎ ካጡትማ ማንም አያገኘውም ብላ ሠዓሊዋ ደጋግማ አመሰገነችው። ስልኩን ሲዘጋ ሚስቱ ቀና ብላ እንኳ አላየችውም፤ ሸሚዙን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። ብትሰድበው በወደደ። በዚያች ዓረፍተ ነገር አፍሮ ሳያበቃ በውሸቱ አፈረ። ከሁሉ የባሰው ግን ሠዓሊዋ «እርስዎ ካጡትማ» ስትለው ለአንዲት ቅጽበት ደስ ብሎት ነበር። ያንን ለማንም አልተናገረም።

ቅዳሜ ሥዕሎቹ ሲከፈቱ ጉልበቴን አሞኛል ብሎ ቤት ለመቅረት ሞክሮ ነበር። ሚስቱ ኮቱን በር ላይ ይዛ ስትጠብቀው ጉልበቱ ተሻለው። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። ሥዕሏ ላይ አዋላጇ እጅጌዋን ሰብስባ ቆማለች፣ የሂሳብ መምህርቷ ጠመኔ የነካው ጣቷን አልደበቀችም። የእሱ ሚስት መጨረሻው ግድግዳ ላይ ናት። ከታይፑ አጠገብ ተቀምጣ፣ እጆቿን ከፊደሎቹ ላይ ገና አንስታ፣ ቀጥ ብላ ታያለች። አስተያየቷን ያውቀዋል። የጨረሰችውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አኑራለት አንብቦ እስኪጨርስ ስትጠብቅ እንዲህ ነበር የምታየው። እሱ ያኔ ዓይኑ ገጹ ላይ ነበር።

ከሥዕሉ ሥር ያቺ ዓረፍተ ነገር፣ ከእሷ ሥር ደግሞ «ተናጋሪው ያልታወቀ» ተብሎ ታትሟል። ሁለት ወጣት ሴቶች መጥተው አጠገባቸው ቆሙና አነበቡ። አንደኛዋ ፊቷን አጨማዳ ወደ መምህሩ ዞረች።

«ጋሼ፣ ማን ይሆን እንዲህ ያለው?»

አላውቅም ቢላት ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች፤ አልነካችውም፣ አልጠቀሰችውም።

«እኔ ነኝ» አለ። ያልሰማችው መስሎት ደገመው። «እኔ ነኝ ያልኩት። ክፍል ውስጥ፣ በየዓመቱ።»

ልጅቷ ከት ብላ ሳቀች። ጋሼ ቀልደኛ ናቸው ብላ ለጓደኛዋ ነገረቻት፤ እሷም ሳቀች። መምህሩ ያንን ሳቅ ለይቶ ያውቀዋል፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሲጠብቀው የኖረው ሳቅ ነው። መድረሻ ሲያጣ ወደ ሚስቱ ዞረ። ሰው ፊት በተሳሳተ ቁጥር ነገሩን አለሳልሳ የምታወጣው ምንጊዜም እሷ ነበረች።

«አይቀልድም» አለቻቸው። «እሱ ነው ያለው።»

ልጆቹ ሳቃቸውን አቁመው ያዩት ጀመር።