ግንባሯን አይተን የገዛናት ፒክአፕ

አባቴ ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጦ ፒክአፕ ሊገዛ መወሰኑን የነገረን ክረምት ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከዚያ የባሰ ጊዜ መምረጥ አይቻልም ነበር። አባቴ ቄስ ነው፤ ሲቀድስ አድሮ ሲነጋ የሚያርሰውም እሱ ነው። ያላረሰ ሰው መሬቱ ለሌላ እንደሚደለደል የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር በየስብሰባው ያስታውሰን ነበር፤ መፈክር ካስጮኸን በኋላ።

ያስደፈረው ወፍጮ ነው። ከሟች ወንድሙ የወረሰው የናፍታ ወፍጮ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ላይ ተተክሎ ጓሯችን ቆሟል። ከመካነ ሰላም እስከ ወግዲ በየገበያው እየጎተትን እንፈጫለን፣ በምናገኘው ገንዘብ በሬ ተከራይተን እናርሳለን አለ። በሬዎቹን በወግዲ መንገድ ለሚኖር አንድ ገበሬ ሸጠ። አልበቃም፤ በቅሎዋ ተከተለች፣ እኔም በመምህርነት ያጠራቀምኩትን ጨመርኩ።

ሻጩ የከተማችን ሽማግሌ ነጋዴ፣ ሁለት ያገለገሉ ፒክአፖች ነበሯቸው። አንዷ ሰማያዊ፣ ቀለሟ የተላጠ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ። ሌላዋ ነጭ፤ ከፊቷ እንደ በር መቀርቀሪያ የወፈረ የብረት ፓራውልት ተገጥሞላታል።

አጎቴ አብሮን መጣ። በአገሩ ያለ እሱ በሬ የሚገዛ የለም። የነጯን ዙሪያዋን እንኳ ሳያይ ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አደረጋት።

«ግንባር ይሏል ይህ ነው! ትከሻዋን እዩልኝ።»

ሽማግሌው ሳል እስኪይዛቸው ሳቁ። «ቄስ፣ ለመጎተት ከሆነ ሰማያዊዋን ይውሰዱ። መኪና ደግሞ ከፊት ሳይሆን ከኋላዋ ነው የምትታየው።»

«ከኋላ የሚታይ ላም ነው ሐጂ፣» አለ አጎቴ። «እኛ የምንገዛው የሚስብ ነው።»

«ወላሂ ለእናንተው ብዬ ነው።»

አጎቴ ጠቀሰኝ። በበሬ ገበያ ሻጭ አንዱን አጥብቆ ካመሰገነ፣ ሊገላገለው የፈለገው እሱን ነው። አባቴ ወደ እኔ ዞረ፤ «አንተ የተማርከው፣ ምን ትላለህ?»

የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ኃይልና ጭነትን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት እየሣልኩ አስተምራለሁ። በዚያ ላይ የሚነገረኝን ሁሉ መጠራጠር የአዋቂነት ምልክት ይመስለኝ ነበር፤ ስብሰባ ላይ አፌን መክፈት ስለማልደፍር ጥርጣሬዬን ያጠራቀምኩት ለነጋዴ ነው። «ነጯን፣» አልኩ። ወደ ኋላዋ ሄጄ ጎንበስ ለማለት ሦስት እርምጃ ይበቃኝ ነበር።

«እንግዲያስ አብሽሩ፣» አሉ ሽማግሌው፤ ቁልፉን ሰጡን።

በማግስቱ ወፍጮውን ከኋላዋ አስረን አባቴ፣ አጎቴና እኔ ወጣን። መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ ስለሆንኩ እኔ ነዳሁ። ሜዳውን በደህና ሄደች። ወግዲ ሳንደርስ ካለው ዳገት መካከል ከኋላችን ጨርቅ እንደሚቀደድ ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ፒክአፗም ድንገት ቀለል ብሏት ወደ ፊት ፈተለከች። በመስታወቱ ሳይ ወፍጮው መንጠቆውንና መንጠቆው የተተከለበትን የሻንሲ ብረት ጫፍ ይዞ ቁልቁል እየተንደረደረ ነው። ግማሹ መንገዱ ላይ ተጋድሞ ቦይ ውስጥ ተገለበጠ። የወፍጮው ድንጋይ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር።

ወርጄ ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላዋ ጎንበስ አልኩ። ብረቱ ድሮ ተሰብሮ ተበይዶ፣ ብየዳው ላይ ነጭ ቀለም ተቀብቷል። በሬ በአንገቱ ይስባል፤ መኪና በኋላዋ። ይህን የማያውቅ ተማሪ ቢኖረኝ ዜሮ እሰጠው ነበር።

ወፍጮው መንገድ ዘግቶ ስለነበር ከሰፈሩ አንድ ገበሬ በሬዎች ጠምዶ መጣ። አጎቴ ከሩቅ አያቸውና ፊቱን አዞረ። የእኛው ነበሩ። ገበሬው ሰንሰለቱን ከቀንበሩ አሰረ፣ አንዴ ጮኸባቸው፣ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ወፍጮውን ከቦዩ አወጡት። ቀዩ በሬ ወደ አባቴ ተጠጋና እጁን አሸተተ።

ደመናው ከወግዲ በኩል ጠቁሯል። አባቴ ጥምጥሙን ሲያስተካክል ቆየ። ከዚያ፣ ለሰው ሲለምን ሰምቼው በማላውቀው ድምፅ፣

«ልጄ፣ ዝናቡ ሲጥል ለሁለት ቀን ብታውሰኝ?» አለ።

ገበሬው መሬት መሬት አየ። «አባ፣ ይፍቱኝ። እኔም እኮ አላረስኩም።»

ሰንሰለቱን ፈታና በሬዎቹን ነድቶ ሄደ።