ሦስት ቀን ያዳመጥኩት የልብ ትርታ

የተወደዳችሁ ወገኖች፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ዛሬ መመስከር እፈልጋለሁ ብዬ ለሽማግሌዎቹ ስነግራቸው ሳቁ። እውነታቸውን ነው። እኔ ከዚያ ከኋላ፣ ከሚክሰሩ ጀርባ ተቀምጬ የእናንተን ድምፅ የማስተካክል ሰው ነኝ፤ የኔን ድምፅ ሰምታችሁ አታውቁም። ግን የያዝኩት ነገር መቀመጥ ከለከለኝ። ጌታ ያደረገልኝን እናገራለሁ፣ እኔ ያደረግሁትንም እናገራለሁ። አንዱን ደብቄ ሌላውን ብናገር ምስክርነት አይሆንም።

እንደምታውቁት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ስፒከርና አምፕሊፋየር እጠግናለሁ። ሰፈሩ "ዶክተር" ነው የሚለኝ። ስፒከሩን በጣቴ መታ መታ አድርጌ በሽታውን እናገራለሁ፣ ብዙ ጊዜም አልስትም። ያኔ ከጆሮዬ ሌላ የማምነው ነገር አልነበረኝም። ባለቤቴ ምህረት እሁድ እሁድ ወደዚህ ስትመጣ "ለአምላክሽ ሰላም በይልኝ" እያልኩ አሾፍባት ነበር። እሷ የደብረ ብርሃን ልጅ ናት፣ ድሬን ያየችው እኔን አግብታ ነው። የመጀመሪያ ልጃችንን በስድስት ወሩ፣ ገና በሆዷ እያለ አጣነው። ሁለተኛውን ስታረግዝ ፍርሃቷን ማየት አቃተኝ። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምትነካው ሆዷን ነበር።

ጎረቤቴ ከድር የሶማሌ ነጋዴ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ ያስመጣል። አንድ ቀን በእጅ የምትያዝ ትንሽ ነጭ መሣሪያ ይዞ መጣ።

"ወሪያ ዶክተር፣ ይቺ የፅንስ ልብ ታሰማለች ተብላ ነው የመጣችው። ዝም ብላለች፣ እስቲ እያት።"

ከፈትኳት። የተነቀለች ሽቦ ነበረች፣ መልሼ አጣበቅኳት። ከድር ነገሩ ገባውና "ውሰዳት አቦ፣ ለቤትህ ትሁን" አለኝ።

ድሬ ቀትር ላይ እንዴት እንደምትሆን ታውቃላችሁ፣ ሱቁም ሰዉም ይተኛል። እኔ ያቺን ጸጥታ ወደድኳት። በየቀኑ ሱቄን ዘግቼ ቤት እገባለሁ፣ ምህረት ትጋደማለች፣ ሆዷ ላይ ቅባቱን ቀብቼ መሣሪያዋን አስቀምጣለሁ። ዱግ ዱግ ዱግ ሲል ምህረት "ጌታ ሆይ ተመስገን" ትላለች። እኔ ደግሞ "እኔን አመስግኚ እንጂ፣ የጠገንኳት እኔ ነኝ" እላታለሁ። ወገኖች፣ እንዲህ ያለውን አፍ ነው ጌታ የታገሠው። ስሙ ይባረክ።

ሰባት ወር አልፏት አንድ ማክሰኞ "ዛሬ ልጁ አልተንቀሳቀሰም" አለችኝ። መሣሪያዋን አመጣሁ። ትርታው አለ። "ይኸው፣ ተኝቶ ነው" አልኳት። ረቡዕም እንደዚያው። ረቡዕ ዕለት ድምፁ ዘግየት ያለ መስሎኝ ነበር፤ ይሄን ዛሬ ልሸሽገው አልፈልግም። ግን ምን አደረግሁ? እንደ ልማዴ ድምፁን ጨመርኩት። ለኛ ለጠጋኞች የደከመ ድምፅ መድኃኒቱ መጨመር ነው።

ሐሙስ ቀትር ላይ ትርታውን እያሰማኋት እጄን ገፋችው።

"ድምፁ አለ። ልጄ ግን የለም" አለች።

"ጆሮዬ አይዋሽም" አልኳት።

"ጆሮህን አይደለም የምልህ፣ ሆዴን ነው።"

ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። በዚያ ፀሐይ፣ አንድ ባጃጅ በሌለበት ሰዓት። እየተነጫነጭኩ ተከተልኳት። ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፍ ጥላ ሥር እግሩን አውጥቶ የተኛ ባለባጃጅ ቀስቅሰን ጤና ጣቢያ ደረስን።

አዋላጇ ሲስተር ሂቦ ትባላለች። ምህረት ስትነግራት እኔ አላስጨርሳት ብዬ መሣሪያዬን ሆዷ ላይ አድርጌ "ይኸው ልቡ ይመታል" አልኳት። ሰማች። ከዚያ የኔን ጣቶች ያዘችና የምህረት የእጅ አንጓ ላይ አስቀመጠቻቸው። ዱግ ሲል ከጣቴ ሥር ይመታል። ዱግ፣ ይመታል። አንድም አላፈነገጠም።

ሲስተር ሂቦ ወደ ኦሮምኛ ዞረች። ድሬ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆንኩ ኦሮምኛው እንደ አፍ መፍቻዬ ነው፣ ደገኛዋ ምህረት ግን አትሰማም፤ እንዳትደነግጥ ብላ ነው። "ይሄ የልጁ አይደለም፣ የእናቱ የደም ትርታ ነው። ስንት ቀን ነው እንዲህ ያዳመጥከው?" አለችኝ። እኔም በኦሮምኛ "ሦስት ቀን" አልኳት። ምህረት ዓይኗን ጨፍና ተኝታ ነበር።

ሲስተር አንዲት እንደ ትንሽ ጡሩምባ ያለች ማዳመጫ አወጣች፣ ጆሮዋን ደፍታ ሆዷን ጥግ በጥግ ፈለገች። ጊዜው ረዘመብኝ። በስተግራ ታች፣ እኔ አንድም ቀን ካልሞከርኩበት ቦታ ቆመች። "አለ" አለች በአማርኛ፣ "ግን ደክሟል። አሁኑኑ ሆስፒታል።" "አለ" ያለችውን ቃል አልረሳውም። ጌታ ይክበር።

ሆስፒታል ሐኪሟ የምህረት ሆድ ላይ ቀበቶ አሰረች። መርፌ የለው፣ ምላጭ የለው። "ያንተዋ መሣሪያ ድምፅ ልካ መልሱን ትጠብቃለች" አለችኝ። "ይቺ ምንም አትልክም፣ ዝም ብላ ታደምጣለች። ልቡንም፣ ትንፋሹንም።"

"የምን ትንፋሽ? እዚያ ውስጥ አየር አለ እንዴ?" አልኳት።

"የለም። ግን ጤነኛ ፅንስ ይለማመዳል። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ሲወለድ እንዲችልበት። ይሄ ልጅ ግማሽ ሰዓት ጠብቀነዋል፣ ልምምዱን ትቷል። ያለችውን ጉልበት ለልቡ እየቆጠበ ነው።" በአልትራሳውንድም አይታ አረጋገጠች። "መጠበቅ አንችልም፣ ቀዶ ጥገና ትግባ። በሕይወት እንደሚወጣ ግን ቃል አልሰጥህም" አለችኝ።

ኮሪደሩ ላይ ብቻዬን ቀረሁ። ወገኖች፣ መጸለይ ፈለግሁ፣ አልችልም። በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም። አፌን ስከፍት ቃል የለም፣ የማምነውም የለም። ያኔ የሐኪሟ ነገር መጣብኝ። ያ ሕፃን አየር አይቶ አያውቅም፣ ግን ይተነፍሳል። ግድግዳውን ተደግፌ እንዲህ አልኩ፦ "መኖርህን አላውቅም። ማመንም አልችልበትም። ግን ልለማመድ። ልጄን አትውሰድብኝ።" ይቺው ናት ጸሎቴ። ቋንቋዋ አያምርም፣ ግን ሰማት።

ሴት ልጅ ወጣች። አላለቀሰችም። ሲያሯሩጧት በበሩ አየሁ። ብዙ ቆይቶ አንዲት ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ስንት ድምፅ የሰማሁ ሰው፣ እንዲያ ያለ ሰምቼ አላውቅም። ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ከዚያ በሙቀት ክፍል ሳምንታት አሳለፈች፣ ዛሬ እናቷ ጭን ላይ አልቀመጥ ብላ የምትታገለው እሷ ናት። ሃሌሉያ፣ ክብር ለጌታ ይሁን። ወደ ቤተ ክርስቲያንም በዚያው መጣሁ፣ ጌታንም ተቀበልኩ።

እስከዚህ ያለውን በከፊል ሰምታችኋል። ያልሰማችሁት ይሄ ነው። ሰው "እንዴት ተረፈች?" ሲለኝ፣ "መሣሪያዬ ድምፁ መቀየሩን ነገረችኝ፣ ይዣት ሮጥኩ" እል ነበር። ምህረት አጠገቤ ቆማ እየሰማች። ይሄን ሰምተው ከከድር ሱቅ መሣሪያዋን የገዙ እናቶች አሉ። ከመዳኔም በኋላ ይሄን ውሸት ተሸክሜ ከናንተ ጋር ዘምሬያለሁ።

ባለፈው ሳምንት አልቻልኩም። ምህረትን አስቀምጬ ሁሉን ነገርኳት፣ ሲስተር ሂቦ በኦሮምኛ ያለችኝን ጭምር። አንገቴን ደፍቼ ጨረስኩ።

"ገበያ ከሴቶቹ ጋር ቲማቲም ስገዛ በምን ቋንቋ የምከራከር ይመስልሃል?" አለችኝ።

ቀና አልኩ። "ሰምተሽ ነበር?"

"እዚያው አልጋው ላይ።"

"ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አልሽ?"

"ይቅር ያልኩህ ያኔ ነው። ግን ሳትናገር ይቅርታውን ብሰጥህ የት ታስቀምጠዋለህ?"

ወገኖች፣ ስለ ጸጋ እዚህ ብዙ ስብከት ሰምቻለሁ። የገባኝ ግን ያን ቀን ነው። በማግስቱ ከድር ጋ ሄጄ እውነቱን ነገርኩት። መሣሪያዎቹን ከመደርደሪያው አወረደ፤ "ወላሂ፣ የገዙትን ቤት ለቤት እንሄድላቸዋለን" አለና ከከተማው ወጥተን መልካ ጀብዱ ድረስ አብረን ሄድን። እናንተም ነፍሰ ጡር እህቶቼ፣ ልጁ እንቅስቃሴው ከቀነሰባችሁ ማንም "ይሰማኛል" ቢላችሁ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሐኪም ጋ ሂዱ።

ደግሞ እዚህ መሃል መጸለይ የማይችል፣ ወይም አንድ ነገር ደብቆ የሚዘምር ሰው ካለ፣ እንደኔ አትቆይ ወንድሜ። አንቺም እህቴ። ጌታ ጉዳዩን ከሰማው ቆይቷል፤ የሚጠብቀው እንድትነግሩት ነው። እመኑት፣ በማመናችሁ አትጎዱም።

ለጌታ ምስጋናዬን ሰጥቻለሁ። የቀረችኝ አንዲት ነገር ናት፣ በቤት ብናገራትም ውሸቱን በአደባባይ ስለሆነ ያወራሁት እሷንም በአደባባይ ልበላት። ምህረት፣ ሦስቱንም ቀን ልክ ነበርሽ። ልጃችንን ያዳንሻት አንቺ ነሽ፤ እኔ ተከትዬሽ ነው የመጣሁት።