በሸዋ ሮቢት ሙቀት ኮት የለበስኩበት ምክንያት

ትናንት ረፋዱ ላይ ለታናሽ ወንድሜ ለጀማል ሚስት ልጠይቅ ሽማግሌ ሆኜ ሄድኩ... ኮት ለብሼ። ሸዋ ሮቢትን የምታውቁ ሰዎች እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ ሳቁብኝ፣ መብታችሁ ነው።

ገና ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ከላይ እስከ ታች አየኝና «ጋሼ፣ ወደ ደብረ ሲና ከሆነ መናኸሪያ ላድርስዎት?» አለኝ። እዚህ አገር ኮት የሚለብሰው ወደ ደጋ የሚወጣ ሰው ብቻ ነዋ።

ኮቱን ያስለበሰኝ ሽጉጤ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ... ፈሪ ነኝ። አጣዬ ሱቅ የነበረው የአጎቴ ልጅ ከተማዋ በተቃጠለች ጊዜ በለበሳት ሸሚዝ ብቻ ቤቴ ከመጣ ወዲህ እንቅልፌ እንቅልፍ አልሆነም። እኔም የቀለምና የሚስማር ሱቅ አለኝ፣ ለዕቃ ስመላለስ መንገድ ላይ ነው የምውለው። ፈቃድ ጠየቅኩ፣ ተሰጠኝ፣ ከዚያ ምርጫው መጣ።

አማካሪዬ ጡረታ የወጡት ጎረቤቴ ሃምሳ አለቃ በቀለ ነበሩ። ሁለት ሽጉጥ ቀረበልኝ። አንዷ መዳፍ ውስጥ የምትገባ፣ ሌላው ትልቅና ከባድ። ጋሽ በቀለ «ትንሿን ውሰድ። አንተ በስስ ሸሚዝ የምትውል ሰው ነህ፣ የሚደበቅ መሣሪያ የሚመረጠው በልብስ ነው» አሉኝ። እኔ ግን ትንሿን ሳያት የሲጋራ መለኮሻ መሰለችኝ።

«ጋሼ፣ ይቺን ሌባ ቢያያት እኮ ይስቅብኛል» አልኩና ትልቁን ወሰድኩ። የሚደበቅ ነገር እየመረጥኩ ሌባው እንዲያየው መመኘቴ ያኔ አልገባኝም።

የዚያኑ ቀን ወገቤ ላይ ሻጥ አድርጌው ቤት ስገባ ሚስቴ «ምነው ጎንህ አበጠ?» አለችኝ። ስለዚህ ኮት። ይኸው ሦስት ሳምንት ሙሉ ላብ በላብ ሆኜ ከረምኩ።

ወደ ትናንቱ ልመለስ። የልጅቷ አባት ሐጂ እንድሪስ ማሾ የሚያመርቱ፣ በአካባቢው የተከበሩ ሰው ናቸው። አባታችን ስለሞተ ለጀማል ያለሁት እኔ ነኝ። ልጁ ምግብ ካቆመ ሰንብቷል፣ «እምቢ ካሉ አገር ጥዬ ነው የምጠፋው» ብሎኛል። ስለዚህ ጋሽ በቀለን ይዤ ሄድኩ።

በሩ ላይ ጋሽ በቀለ ክላሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው በሁለት እጃቸው ለሐጂ ሰጧቸው። ወግ ነው። እንግዳ መሣሪያውን ለባለቤቱ ያስረክባል፣ ባለቤቱ ምሰሶው ላይ ይሰቅልለታል፣ ሲወጣ ይመልስለታል። ሐጂ ሰቀሉና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? የሚሰቀል ነገር አለህ?»

«ኧረ እኔ ምንም የለኝም ሐጂ!»

ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስካሁን አላውቅም። የተደበቀ ነገር ተደብቆ መቅረት አለበት ብዬ ነው መሰለኝ... ጅል!

ሽማግሌ ደግሞ ተቀመጡ ካልተባለ አይቀመጥም። ጋሽ በቀለ ቆመው ነገሩን በረጅሙ ጀመሩት። ቆርቆሮው ግሏል። ላቤ በአገጬ ይንጠባጠባል። ሐጂ አዘኑልኝ።

«ኧረ ይሄ ልጅ ሊወድቅ ነው! ኮትህን አምጣ ልስቀልልህ።»

«ይቅርብኝ ሐጂ... ይበርደኛል» አልኩ። ይበርደኛል! በሸዋ ሮቢት!

«ወባ ይዞት ይሆናል» አሉና ከኋላዬ መጥተው እንደ አባት ኮቴን ሳብ አድርገው አወለቁልኝ።

ነጩ ሸሚዜ በላብ ርሶ ገላዬ ላይ ተለጥፏል። ያ ትልቁ ሽጉጥ ከነአፈሙዙ፣ ከነቃታው ቁልጭ ብሎ ታየ።

«ሃምሳ አለቃ መሣሪያቸውን በግልጽ ይዘው መጡ፣ አከበሩኝ» አሉ ሐጂ ዝግ ብለው። «አንተ ልጄን ልትጠይቅ መጥተህ ቤቴ ውስጥ ደብቀህ ትቆማለህ? ስጠይቅህም ዋሸኸኝ። ምን ልታደርገኝ ነው?»

የታየኝ የጀማል ፊት ነው። ልጁን በገዛ እጄ ገደልኩት አልኩ በሆዴ። ሽጉጡን ቀስ ብዬ አውጥቼ በሁለት እጄ ሰጠኋቸው።

«አውፍ ይበሉኝ ሐጂ። ወላሂ ጥይት የለውም።»

ተቀብለው ፈተሹት። እውነትም ባዶ ነው።

«ጥይቱስ?»

«ቤት ነው... ስኳር ጣሳ ውስጥ።»

«ለምን?»

«በራሱ ጊዜ ተኩሶ እንዳይመታኝ ፈርቼ ነው።»

ይህን ጋሽ በቀለም አያውቁም ነበር። «በማርያም!» ብለው በሳቅ ፈረሱ። ሐጂ ግን አልሳቁም። ትክ ብለው አዩኝ።

«ወንድምህም እንዳንተ ነው?»

እዚህ ጋ ለጀማል ጀግንነት መመስከር ነበረብኝ። ሁለተኛ መዋሸት ግን አቃተኝ።

«እሱማ ከእኔ ይብሳል ሐጂ። ዶሮ ሲታረድ ከቤት ይወጣል።»

ሐጂ ሽጉጤን ወስደው ከክላሹ ጎን ሰቀሉት። ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንግዲያው ልጄ ላይ እጁን አያነሳም። ተቀመጡ» አሉ።

ተቀመጥን። አልሃምዱሊላህ፣ እንባዬ ከላቤ ጋር ነው የወረደው። ምሳ በልተን፣ ነገሩ እሺ ተብሎ ስንወጣ ሽጉጤን መለሱልኝና «ለኒካው ስትመጡ ኮቱን ተወው» አሉኝ።

ጀማል ምን ብዬ እንዳስፈቀድኩለት ገና አልነገርኩትም። ይህን አንብቦ ሊጣላኝ ከመጣ ግን ችግር የለም፣ ታጥቄያለሁ... ጥይቱን ከስኳሩ እስክለቅም ብቻ ይታገሰኝ።