የጠያቂዎቼ ክኒን

ጌታ ይመስገን ወገኖቼ! ዛሬ ይህን ሳልናገር ወደ ቤቴ ብመለስ እንቅልፍ አይወስደኝም። መንግሥት የጸሎት ቤታችንን ካሸገ ወዲህ በየቤቱ በሹክሹክታ ማመስገን ለምደናል። እኔ ደግሞ ታውቁኛላችሁ፣ ከሆሳዕና ስጮህ ሀቢቾ ይሰማል። ድምፄ ከፍ ካለ ቆንጥጡኝ፤ ግን ጌታ ያደረገልኝን እናገራለሁ። ክብር ለስሙ ይሁን! ቀስ ብላችሁ አሜን በሉልኝ።

እኔ ዳምቦያ ተወልጄ እዚህ የተዳርኩ ሴት ነኝ። ጌታን አላውቅም ነበር። የምታውቀው የባለቤቴ እህት ታደለች ነበረች። እሷ ጓዳ ገብታ ስትጸልይ እኔ ከውጭ፣ "ዛሬም ከጣሪያው ጋር ልታወሪ ነው?" እያልኩ አሾፍባት ነበር። ስቃ ታልፈኛለች።

አንድ ጊዜ የእንሰት መፋቅ ተራ እኛ ቤት ደረሰ። እህቶች፣ ሥራውን ታውቁታላችሁ። አንድ እግርን ሽቅብ ሰቅሎ፣ እንሰቱን በተረከዝ ከጣውላው ላይ ይዞ ቀኑን ሙሉ መፋቅ ነው። ወንድሞች ቆጮውን ስትበሉ ብቻ ነው የምታውቁት። በመጨረሻ ልነሣ ስል ወገቤ አልቃና አለኝ። ጤና ጣቢያ ሄድኩና ክኒን ተሰጠኝ። የሰጠችኝ ነርስ ደህና አድርጋ ነገረችኝ። "ይሄ ሕመም ያስታግሳል፣ የተኮማተረውንም ጡንቻ ያፍታታል። ምግብ በልተሽ ውሰጂ፣ ካልኩሽ መጠን አታብዢ። ያደነዝዝሻል፣ እሳትና ቢላ አጠገብ አትሁኚ። መጠጥ አትቅመሺ። ሌላ ማስታገሻም አትደርቢበት" አለችኝ። እሺ አልኩ። ወገቤም ለቀቅ አደረገኝ።

ከዚያ ጠያቂ መጣ። የእኛ አገር ሰው በሽተኛ ቤት ባዶ እጁን አይገባም። ዘንድሮ ደግሞ የሚያመጣው ክኒን ሆኗል! አንዷ ከመቀነቷ ጫፍ ትፈታና፣ "ለራስ ምታቴ ከሰጡኝ የተረፈ ነው፣ እኔን አድኖኛል" ትላለች። የጉራጌው ባለሱቅ ሚስት ለትኩሳቷ የተሰጣትን አመጣችልኝ። ሌላዋ የጥርሷን። ሰጥተውም አይሄዱም! እስክውጠው ድረስ ቁጭ ብለው ያዩኛል። አልውጥም ማለት እኮ ፍቅራቸውን መመለስ ነው። እኔ ደግሞ የጥርሱ ለጥርስ፣ የራሱ ለራስ ይመስለኛል፤ ከወገቤ ክኒን ጋር ይገናኛል ብዬ በምን ልጠርጥር? ለእያንዳንዷ ዋጥኩላት። የተረፈውን በወተት ጣሳ አጠራቀምኩ። አማቴም፣ ይኸው አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ ይቅር ይበሉኝ እማማ፣ ወገብ ያሞቃል ብለው አረቄ ይቀዱልኝ ነበር። እማማ ገና አላመኑም። "ቢይዙሽ ብቻሽን አትያዢም" ብለው ነው እዚህ የሚከተሉኝ።

ወገኖቼ፣ ቀስ በቀስ ምግብ ጠላሁ። ያስመልሰኛል። በቀኝ በኩል ከጎድኔ ሥር ይወጋኛል። ቀን ቀን ቁጭ ባልኩበት እንቅልፍ ይጥለኛል። አንድ ጠዋት ባለቤቴ አየኝና ፊቱ ተለዋወጠ። "ዓይንሽ ምን ሆነ?" አለኝ። ዓይኔ ቢጫ ሆኗል። ሽንቴም እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። አማቴ፣ "የወፍ በሽታ ነው፤ ዱራሜ ማዶ ሥር ቀጥቅጦ የሚያጠጣ ሰው አለ፣ ዛሬውኑ እንውሰዳት" አሉ። በቅሎ ተጫነ። እኔ ልጆቼን እያየሁ አለቀስኩ። ማን ያሳድግልኛል አልኩ።

ያን ጊዜ ታደለች መጣች። መደቡ ሥር ተንበርክካ እጄን ያዘች። "ጌታ ሆይ፣ የሚገድላትን ነገር እኛ አላየነውም፣ አንተ ታየዋለህ፤ አሳየን" አለች። ይኸው ነው ጸሎቷ። ከዚያ ተነሥታ፣ "እማዬ፣ ሥሩ ይቆይ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይያት" አለች። አማቴ ተቆጡ። ታደለች ግን አልተንቀሳቀሰችም። ባለቤቴ በቅሎውን ወደ ሐኪም ቤት አዞረ።

ሐኪሙ ዓይኔን ገልጦ አየ፣ ሆዴን ዳሰሰ። የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? "ምን ስትውጪ ነበር?" አለኝ። ወገኖቼ፣ ስሙልኝ! ማንም ያልጠየቀኝን ጠየቀኝ። ታደለች ወደ ቤት ሮጣ የክኒኑን ጣሳ አመጣች። ሐኪሙ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈውና በጣቱ እየለየ፣ "ይሄ፣ ይሄም፣ ይሄም አንድ መድኃኒት ነው። የወገብሽ ክኒን ውስጥ ሁለት መድኃኒት አለ፤ አንዱ ጡንቻ ያፍታታል፣ ሌላው ደግሞ ይኸው ራሱ ነው። አንዱን መድኃኒት ከየቤቱ እየለቀምሽ ደራርበሽ ውጠሻል፤ አረቄ ተጨምሮበት ጉበትሽ ተጎድቷል" አለኝ። ሥር ልንጠጣ እንደነበር ስንነግረው ራሱን ነቀነቀ። "ያን ብትጠጪ ኖሮ እዚህ አንገናኝም ነበር" አለ።

ባለቤቴ፣ "ትድናለች ወይ?" ሲል ጠየቀው። "አላውቅም። ሁሉንም ታቁም፣ እዚሁ ትተኛ። ጉበት ካልረፈደበት ራሱን ያድሳል፤ የእኔ ሥራ መከልከልና መጠበቅ ነው" አለ።

እንግዲህ አልጋው ላይ ተኝቼ አሰብኩ። ጌታ ጥርጊያውን ሲያዘጋጅ እኔ በጣሪያው ስቀልድ ነበር! "አሳየን" አለች፣ እሱም አሳየን። ምን ዓይነት አምላክ ነው? ያሾፈችበትን ሴት ጉበት የሚያይ! ታደለችን ጠራሁና፣ "እኔንም እንዲህ ይሰማኛል?" አልኳት። አብረን ጸለይን። ጌታን የተቀበልኩት እዚያ ነው። ሃሌሉያ!

ዓይኔ ቀስ እያለ ጠራ። ሐኪሙ አንድ ማለዳ የዓይኔን ቆብ ገልጦ አየ። "እኔ እኮ ምንም አልሰጠሁሽም" አለ። እኔ ግን የሰጠኝን አውቄዋለሁ!

ታዲያ ወገኖቼ፣ በጌታ መታመን ማለት የሐኪምን ምክር መጣል አይደለም። ለሌላ የታዘዘ ክኒን አትዋጡ፤ ለጠያቂ ሲባልም አትዋጡ። የምትውጡትን ሁሉ ለሐኪም አሳዩ። ፍቅራችሁን በሌላ መንገድ አምጡልን። እኔ ዛሬ ልጆቼን እያሳደግኩ ነው፤ እስትንፋሴ ሁሉ የእርሱ ነው።

አሁን በዚህ ቤት የተሰወረውን የሚያይ ጌታን መታመን የሚፈልግ ካለ፣ በመስኮት እንዳንታይ እጅ አታንሡ። አጠገባችሁ ያለውን ሰው እጅ ጨብጡ፣ ይበቃል። ዝም ብለን እንጠብቅ።

...

ቆይ፣ ቆይ ወገኖቼ... እማማ እጄን ጨብጠውኛል።