እትዬ የመረጠችው ሸክላ ማጫወቻ

ባለፈው ቅዳሜ አንድ ወጣት ሰበታ ድረስ መጥቶ በሬን አንኳኳ። የድሮ ዕቃ ይሰበስባል አሉ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ሸክላ ማጫወቻዬን ሲያይ ፊቱ በራ።

«አባባ፣ ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«ታዲያ ለምን አይሸጡልኝም?»

መልሱ ረዥም ስለሆነ ሻይ ጋብዤ ሸኘሁት።

በንጉሡ ጊዜ እዚሁ ሰበታ፣ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ጢሜ ገና ማቀምቀሙ ነው። እናታችን ከሞተች በኋላ ሱሉልታ ላይ ያሳደገችኝ ታላቅ እህቴ እትዬ ብርሃኔ ሳንባዋን ታማ፣ ለመታከም እኔ ዘንድ መጣች። ጠዋት ጠዋት ክሊኒክ ሄዳ መርፌ ትወጋለች፤ ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀች ከጎረቤት ሬዲዮ የሚመጣውን ዘፈን ታዳምጣለች። ሳሉ ሲያጣድፋት እንኳ እጇን አንስታ «ዝም በሉ፣ ልስማበት» ትል ነበር። ለእሷ ሸክላ ማጫወቻ ልገዛ ቆረጥኩ፤ አንዴ ተገዝቶ ዕድሜ ልክ የሚኖር።

የቅበላ ቅዳሜ ፒያሳ ሄድን። ባለሱቁ መጀመሪያ እንደ ሻንጣ የሚዘጋ፣ ቀለሙ የሚያብለጨልጭ አቀረበልን። እኔ ወዲያው ወደድኩት። እትዬ ግን ዓይኗን ጨፍና አዳመጠችና፣ «ይሄማ ዘፋኟን ጉንፋን አስይዟታል» አለች። ባለሱቁ እየሳቀ ከጓዳ ሌላ አመጣ። ሣጥኑ ወፍራም እንጨት ነው፤ ሸክላው የሚያርፍበት ሳህን ለብቻው እንደ ወፍጮ መጅ ይከብዳል። ያንኑ ሸክላ አስቀመጠበት። እትዬ እጄን ጨበጥ አደረገችኝ።

«ሰማሃት? ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ሳበች እኮ!»

እኔ አልሰማሁም። አስደግማ አሰማችኝ። «ይሄ እኛን ቀባሪ ነው፤ ይሄን ውሰድ» አለች። ሸክላውንም ጨምረን ገዛን።

የሰፈራችን መብራት የሚመጣው ከፋብሪካው ሞተር ነበር። ቤት ስንደርስ ሞተሩ ለእሑድ ዕረፍት ጠፍቷል። ሰኞ መብራቱ ሲመጣ ዐቢይ ጾምም አብሮ ገባ። በጾም ዘፈን በቤታችን ተሰምቶ አያውቅም። እትዬ የሠራችውን ዳንቴል አለበስኩትና ፋሲካን እንጠብቅ አልኳት። እሷም እሺ አለች።

በጾሙ አጋማሽ ገደማ፣ የሱፍ ፍትፍት እየበላን ሳለ መብላቷን ተወት አድርጋ፣ «ሰሞኑን ጆሮዬ ውስጥ ፌንጣ የሚጮህ ይመስለኛል። እስቲ አንድ ጊዜ ብቻ ክፈትልኝ፤ ቀስ አድርገህ» አለችኝ።

«እትዬ፣ በጾም? ጎረቤት ምን ይለናል? ደግሞ በፌንጣ ታመካኚያለሽ!»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ከዚያ በኋላ ስጠራት ቶሎ አቤት አለማለቷን ከድካሟ ቆጠርኩት። በጾም አክባሪነቴ እኮራ ነበር፤ ያኔ የነበርኩትን ጎረምሳ ዛሬ ባገኘው በጥፊ ባልኩት።

የፋሲካ ዕለት፣ ዶሮው ከተበላ በኋላ ዳንቴሉን አነሳሁ። እትዬ ወንበሯን አስጠግታ ዓይኗን ጨፈነች። ዘፋኟ መዝፈን ጀመረች። እትዬ ትንሽ ቆይታ ዓይኗን ገለጠች።

«ምነው፣ አልጀመርከውም?»

ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቅኩት። እጇን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። «ይንቀጠቀጣል» አለች። ወጥቼ ከቤቱ ጀርባ አለቀስኩ።

በማግስቱ ወደ ክሊኒኩ ድሬሰር ወደ ኦቦ ቶላ ይዣት ሄድኩ። «ያ ዋቃ!» አሉ። «የምትወጋው መድኃኒት አንዳንዱን ሰው እንዲህ ያደርጋል። ጆሮዋ መጮህ ሲጀምር ብትነግረኝ ኖሮ እናቆመው ነበር።»

የነገረችው ለእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ስቄ አለፍኩት።

ሳንባዋ ዳነ። ብዙ ዘመን አብራኝ ኖረች፤ ልጆቼንም አሳደገችልኝ። ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። በየፋሲካው ያንን ሸክላ ታስከፍተኝና እጇን ሣጥኑ ላይ አድርጋ፣ «አሁን ትንፋሽ ሳበች?» ትለኛለች። ራሴን እነቀንቅላታለሁ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

አምና ቀበርናት። እንዳለችውም ሸክላ ማጫወቻው ቀባሪ ሆነ።

ወጣቱ ከሄደ በኋላ በሩን ሳልዘጋ ዳንቴሉን አነሳሁና ያንን ሸክላ ከፈትኩ። ዘፋኟ ትንፋሽ ሳበች። ዛሬም ዐቢይ ጾም ነው፤ ፋሲካ ገና ነው። ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ጎረቤት ያለውን ይበል።