እግሩን ያልነከረ ተረት አያርምም

ልጅ ሳለሁ ተረት በጆሮ ብቻ የሚሰማ አይመስለኝም ነበር፤ በእግርም ይሰማል ብዬ አምን ነበር። ይህ እምነት ከየት መጣብሽ የሚለኝ ካለ፣ ከእመት ዘነበች ገበቴ ነው እለዋለሁ። እመት ዘነበች የአባቴ አክስት ናቸው። ባላቸው ሞተው፣ ዓይናቸውም ደክሞ፣ እኛ ቤት ገብተው ይኖሩ ነበር። ቤታችን ከደብረ ታቦር የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ጉና ሥር ነው፤ ያገራችንን ብርድ የማያውቅ ሰው ቢኖር ልንገረው፣ ሌሊቱን ገብሱን ውርጭ አልብሶት ያድራል፣ የሰውንም ተረከዝ ዝናብ እንደራቀው መሬት ይሰነጥቀዋል።

ያኔ ማታ ማታ፣ ከብቱ ገብቶ ራት ከተበላ በኋላ፣ እመት ዘነበች ከመደቡ ሥር ያቺን የዋንዛ ገበቴ ይስባሉ። ጥቁር ናት፤ ከስንት ዘመን ውሃ የተነሣ ውስጧ እንደ ቀንድ ዋንጫ ለስልሷል። ውሃውን ታዲያ እሳት ላይ ጥደው አያሞቁትም። ሦስት ድቡልቡል ድንጋዮች ነበሯቸው፤ እነሱን ከፍሙ ውስጥ ቀብረው ያቆዩና በሁለት እንጨት እየቆነጠጡ አንድ በአንድ ከውሃው ይለቋቸዋል። ድንጋዩ ሲንጫጫ፣ እንፋሎቱ ወደ ጣሪያው ሲወጣ፣ የጧፏ ብርሃን በእንፋሎቱ መካከል ሲወዛወዝ፣ «ይኸው፣ ወንዛዬ መጣላችሁ» ይሉ ነበር። ወንዛዬ ውሃው ከመሬት እየፈላ የሚወጣበት አገር ነው። እመት ዘነበች በወጣትነታቸው ሄደው ሰባት ቀን ተነክረውበታል፤ ከዚያ ወዲህ የሰውን ልጅ ወንዛዬን ባየና ባላየ ከፍለው ያስቀምጡት ነበር።

ውሃው ለብ ሲል አንድ ጭብጥ ጤና አዳም ይጥሉበታል፤ ከዚያ «አምጭ» ይሉኛል፣ እግሬን ማለታቸው ነው። በሻካራ ድንጋይ ተረከዜን ይፍቁታል፣ በጣቶቼ መካከል ማር ያስገቡልኛል፣ የተሰነጠቀውን በእሬት ውሃ ያርሱታል፣ በመጨረሻ ቅቤ። እጄም ተራው ይደርሰዋል። ዓይናቸው እምብዛም ስለማያይ ሁሉን የሚያውቁት በመዳሰስ ነበር።

«ዛሬ የማንን አጥር ነው የዘለልሽው?» ይሉኛል።

«አልዘለልኩም፣ እመት።»

«እግርሽ ዘለልኩ ይለኛል። አንቺን ልመን እግርሽን?»

ለተረቱ ሕግ ነበረው። እግር ውሃውን ሲነካ ይጀመራል፤ እሳቸው ጣታቸውን ነክረው «ቀዝቅዟል» ካሉ ያልቃል፣ ግማሽም ላይ ቢሆን፤ የቀረው ለነገ ነው። ደግሞ የተረቱ መጨረሻ ቅቤው ሲቀባ በጆሮ ይነገራል እንጂ ለቤቱ ሁሉ አይወራም። «እግሩን ያልነከረ ሰው የተረቱን ጭራ አይዝም» ይሉ ነበር። እንዲህም ስለሆነ የቤታችን ሰው ሁሉ፣ ጎረቤቱም ጭምር፣ በየተራው እግሩን ይዞ ይመጣ ነበር። ከአንድ ሰው በቀር፤ ከእናቴ በቀር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ንጉሥ ደብረ ታቦር ተቀምጠው የነበረ ጊዜ ነው፤ አባቴን ጌታው አስጠርቶት ከሠራዊቱ ጋር ሄደ። ጥሪው የመጣው እናቴ ልብስ ልታጥብ ወንዝ ወርዳ ሳለ ነበር። ልብሱን ተሸክማ ስትመለስ መደቡ ባዶ ነው። ያን ዕለት፣ «ይህ ሰው ደጄን ሳይረግጥ እግሬን ቅቤም እንሶስላም አይነካው» ብላ ማለች። እንሶስላ፣ ሥሩ ተወቅጦ እጅና እግር ላይ የሚታሰረው፣ ጥፍሩን የሚያቀላው፣ የሴት ጌጥ ነው። ሰው ሁሉ «እንዴት ብትወደው ነው» አለ። እኔም እንደዚያው አልኩ።

ክረምት አልፎ ሌላ ክረምት መጣ፤ አባቴ አልመጣም። የእናቴ ተረከዝ መጀመሪያ ነጣ፣ ቀጥሎ ተሰነጠቀ፣ ኋላም መድማት ጀመረ። ኅዳር ላይ ውርጩ ሲመጣ የግራ እግሯ አበጠ፤ በጣቷ እንጂ በተረከዟ መርገጥ አቃታት። አንድ ጠዋት ከወፍጮው እስከ ደጃፉ ድረስ መሬቱ ላይ የደም ነጥብ አየሁና እንዳታየኝ በአመድ ሸፈንኩት። ከኛ በላይ ካለው መንደር አንዲት ሴት እንዲሁ ተረከዟ ተሰንጥቆ፣ ቁስሉ ወደ ላይ ወጥቶባት በዚያው መሞቷን ሰምቼ ነበርና ፈራሁ።

እመት ዘነበች ደጋግመው ለመኗት።

«የሺ፣ ልጄ፣ እባክሽ እግርሽን አምጭ።»

«ይተዉኝ እመት፣ ምያለሁ።»

«እግዜር ተረከዝሽን ስጭኝ አለሽ?»

«እግዜርን ተዉት። የማልኩት እኔ ነኝ» ብላ ወፍጮዋ ላይ ትጎነበሳለች። ማታ ማታ ሁላችን ገበቴውን ከብበን ስንቀመጥ፣ እሷ ጥጉ ላይ ጀርባዋን ሰጥታን ትፈጫለች።

ታዲያ እመት ዘነበች ምን አደረጉ? ልመናውን ተዉና አዲስ ተረት ጀመሩ። ድምፃቸውንም ከወትሮው ከፍ አደረጉት።

«እጅና እግር ተጣሉ» አሉ እግሬን ከውሃው እየከተቱ። «እጅ፣ ‹የማጎርስ እኔ፣ የማማትብ እኔ፣ ሙሽራ የሚጨብጠው እኔን፤ አንተ ጭቃ ስትረግጥ ትውላለህ› አለው። እግር ይህን ሰምቶ ዝም አለ፤ ክፉ ዝምታ ነው። ሌሊቱን ተነሣና ብቻውን ሄደ። ጠዋት እጅ ቢነቃ እግር የለም። ማሳው እዚያ ማዶ ነው፣ ውሃው እዚያ ታች ነው፤ እጅ በመዳፉ እየተሳበ እስከ ደጁ እንኳ መድረስ አቃተው። እግርም በዱር ሲሄድ ውሎ እሾህ ወጋው። እሾሁን ማን ያውጣለት?»

የወፍጮው ድምፅ ቆመ። እኔ ዞሬ እናቴን ላይ ስል እመት ዘነበች ጉልበቴን ቆነጠጡኝ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የቀረውን በጆሮዬ ነገሩኝ፤ እጅ እየተሳበ ዱር ድረስ ሄደ፣ እሾሁን አወጣለት፣ እግሩን አጥቦ ይቅርታ ጠየቀው፤ ስለዚህ ነው እስከ ዛሬ እጅ እግርን የሚያጥበው። ወፍጮው ጥቂት ጠበቀና እንደገና መፍጨት ጀመረ፤ ግን ፈጠን ብሎ፣ እንደ ተናደደ ሰው።

በማግሥቱም ያንኑ ተረት፣ በሦስተኛውም ቀን ያንኑ። እሾሁ ላይ ሲደርሱ ወፍጮው ይቆማል፤ የቀረው ለኔ ጆሮ ብቻ ነው። እኔ ግን፣ ሞኝ ነበርኩና፣ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። አርጅተው ይደጋግማሉ ብዬ አዘንኩላቸው።

በአራተኛው ቀን ከእናቴ ጋር ውሃ ልንቀዳ ወረድን። እሷ እያነከሰች ከኋላ ትመጣለች። እንስራዋን ስትሞላ፣ ፊቷን ሳታነሣ፣ «ያ እግር ታዲያ እሾሁን ማን አወጣለት?» አለችኝ። ደስ አለኝ። እናቴ ከኔ ተረት ስትጠይቅ የመጀመሪያዋ ነው። አንድም ሳላስቀር ነገርኳት።

«እንዲያ ነው?» አለችና እንስራዋን አዘለች።

ዳገቱን ግማሽ ያህል ወጥተን እናቴን ዞሬ አየኋት። በአንድ እግሯ ጣት ድንጋይ ለድንጋይ እየመረጠች ትረግጣለች። ያኔ ነው ሁሉ ነገር የገባኝ። ተረቱ ለኔ አልነበረም። እሷን ከወፍጮዋ አስነሥቶ ወደ ገበቴው ሊያመጣት የተዘረጋ ገመድ ነበር፤ እኔ መጨረሻውን በነፃ ሰጥቼ ገመዱን በጠስኩት። ከእንግዲህ ምን ብላ ትመጣለች? ውሃው ከገንቦዬ እየፈሰሰ ጀርባዬን ሲያረጥበኝ እንኳ አልታወቀኝም።

ማታ ሳይሆን ሄጄ ለእመት ዘነበች ተናዘዝኩ። እያለቀስኩ ነበር። ይቆጡኛል ስል እጄን ይዘው መዳፌን ዳሰሱት።

«ታዲያ ምን አለች?»

«‹እንዲያ ነው?› አለች።»

«‹እንዲያ ነው› አለች ወይስ ‹እንዲያ ነው?› አለች?»

«እንደ መጠየቅ አድርጋ።»

ፈገግ አሉ። «እንግዲያው አላለቀላትም። ሂጂ ድንጋዮቹን ፍሙ ውስጥ ቅበሪ።»

ያን ማታ ተረቱን እንደ ወትሮው ጀመሩት፤ እሾሁ ላይ ሲደርሱ ግን ወደ ጆሮዬ አልጎነበሱም። ቤቱ ሁሉ እየሰማ፣ «እጅም ተንበርክኮ እግርን አጠበውና ይቅርታ ጠየቀው» ብለው ጨረሱት። ወፍጮው ቆመ።

«እንዲያ አይደለም» አለች እናቴ ከጥጉ።

«ምኑ?»

«መጨረሻው። እናቴ እንዲያ ብላ አልነገረችኝም።»

«እናትሽ ወንዛዬን አላዩም፣ ነፍስ ይማር» አሉ እመት ዘነበች ድንጋይ ከፍሙ እየቆነጠጡ።

«ወንዛዬ ምን አገባው? ተረቱ ተሳስቷል ነው የምለው።»

«ይሳሳት። በዚህ ቤት እግሩን ያልነከረ ተረት አያርምም።»

ለተራዋ የመጣች ጎረቤታችን አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴ ከወፍጮው ተነሥታ፣ ዱቄቱ ከእጇ ሳይራገፍ፣ እያነከሰች መጣችና ከጎኔ ተቀመጠች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ሰበሰበች፤ ያን ያበጠ እግሯን ገበቴው ውስጥ አስገባች። ውሃው ሲነካት ዓይኗን ጨፈነች።

«በሉ አሁን ይስሙ» አለች። «ይቅርታ የጠየቀው እጅ አይደለም። እጅ የት ሄደ? እጅ ቤቱ ነበር። የሄደው እግር ነው። ሳይሰናበት የሄደ ነው ይቅርታ የሚጠይቅ። እጅማ ልብስ እያጠበ ነበር።»

በተረቱ ውስጥ ልብስ የሚባል ነገር አልነበረም። የእመት ዘነበች እጅ ተረከዟ ላይ እንዳለ ቆመ። ያኔ ሁላችንም አንድ ላይ የገባን ይመስለኛል፤ ያ ሁለት ዓመት ሙሉ የናፍቆት ሲመስለን የቆየው መሐላ የቁጣ ነበር።

«እውነትሽን ነው» አሉ እመት ዘነበች ቀስ ብለው። «የናትሽ ይበልጣል። የሄደው ይጠይቅ። እስኪመጣ ድረስ ግን የቀረው ለምን ይበስብስ?»

እናቴ እግሯን አላወጣችም። እሳቸው ሻካራውን ድንጋይ ተዉና በጣታቸው ብቻ፣ የወፍ ጫጩት እንደሚነካ ሰው፣ ቁስሉን አጠቡ። ማሩን ሲያደርጉላት ድንገት ብንን አለች።

«ቅቤ እንዳያስነኩኝ። ምያለሁ።»

«ቅቤ ነው የማልሽ። ተልባ ምለሻል?»

«ተልባ… አልማልኩም።»

«ማር፣ እሬት?»

«አልማልኩም።»

«እንግዲያው ዝም ብለሽ ተቀመጭ። መሐላሽን ከኔ የበለጠ የጠበቀልሽ የለም።»

እናቴ ሳቀች። ለብዙ ጊዜ ያልሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ጎረቤታችንም ነጠላዋን ለቃ ሳቀች። የተልባውን ሊጥ ለብ አድርገው በጨርቅ አሰሩላት። ከዚያ ቀን ወዲህ የናቴ ቦታ ገበቴው ዘንድ ሆነ፤ በየማታው ተረቱን ታርማለች፣ እመት ዘነበች ይከራከሯታል፣ እኔ በሁለቱ መካከል ሆኜ እግሬ እስኪሸበሸብ እነከራለሁ። ጥምቀት ሲደርስ እብጠቱ ጎድሎ በሁለት እግሯ ታቦት አጅባ ወጣች።

አባቴ የመጣው ከፋሲካ በኋላ ነው። ከስቶ ነበር፤ እጁ እንደ ቅርፊት ሻክሮ፣ እግሩም ያኔ የእናቴ እንደነበረው ተሰነጣጥቆ። ሰው ሁሉ ሲስመው ሲያለቅስ እናቴ አልተነሣችም። ማታ እንግዳው ሲበተን ገበቴዋን ራሷ ሳበችና ከፊቱ አስቀመጠችው። «እግር» አለችው፣ ሌላ ቃል አልጨመረችም። አስገባ። እያጠበችው ተረቱን ጀመረችለት፤ እጅና እግር ተጣሉ፣ እግር ብቻውን ሄደ፣ እጅ በደጁ ቀረ፣ እግርን እሾህ ወጋው።

አባቴ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። «ኋላስ ይቅርታ የጠየቀው ማነው?» አለ።

እናቴ እጇን ከተረከዙ ሳታነሣ ቀና ብላ አየችው። እመት ዘነበች ከመደባቸው እየዳበሱ መጡና ጣታቸውን ከውሃው ነከሩ።

«ቀዝቅዟል» አሉ። «ለነገ።»

በነጋታው ማለዳ እናቴ እንሶስላ ልትቆፍር ወደ ወንዙ ስትወርድ አየኋት። ከዚያ በኋላ ጥፍሯ ሳይቀላ የከረመበትን ጊዜ አላስታውስም። ያን ተረት ግን ለአባቴ ጨርሳለት እንደሆነ አላውቅም፤ በየማታው እግሩን ይዞ ሲመጣ ነበር የማየው።

ዛሬ እመት ዘነበችም፣ እናቴም፣ አባቴም የሉም፤ ገበቴዋ እኔ ዘንድ አለች፣ አንድ ጠርዟ ተሰንጥቆ በቆዳ አሰፍቻታለሁ። የልጅ ልጆቼ ጭቃቸውን ይዘው ሲመጡ ድንጋዩን እቀብራለሁ፣ ጤና አዳሙን እጥላለሁ፣ ያንኑ ተረት እጀምራለሁ። እሾሁ ላይ ስደርስ «ማን ይቅርታ ጠየቀ፣ እጅ ነው እግር?» ይሉኛል። እኔም ጣቴን ከውሃው እነክራለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ እዚያ ላይ ስደርስ ይቀዘቅዝብኛል።