ኤምፒ «አንተ» አይልም

አባቴን ከቤት ያስወጣው ልብ ወለድ ነው። ዘመድ መክሮት፣ ጎረቤት ለምኖት፣ እናቴም ስለት ተስላ ያልሆነውን ነገር፣ ሽፋኑ በጋዜጣ የተለበጠ፣ ገጾቹ ሻይ የጠጡ አንድ መጽሐፍ አደረገው። ስለዚህ «ልብ ወለድ ማንበብ ሥራ መፍታት ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ቶሎ ደሜ ይፈላል።

ጊዜው መንግሥት ተለውጦ፣ የቀድሞው ጦር ከተበተነ ጥቂት ዓመታት ያለፉበት ነው። አባቴ በዚያ ጦር ውስጥ የወታደራዊ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ነበር። ሕዝቡ በአጭሩ «ኤምፒ» ይላቸዋል፤ ያጠፋ ወታደር የሚይዙ ወታደሮች ናቸው። ጦሩ ሲበተን አባቴ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለችው ቤታችን ገባና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ተቀመጠ ስል ዝም ብዬ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም ማለቴ ነው። አይጠጣም፣ አይቆጣም፣ አያወራም። የሰፈሩን ለቅሶ እንኳ የምትደርሰው እናቴ ነበረች። ጓዳ ትጠራኝና «አባትሽ እንዲህ እንደተቀመጠ ሊያልቅብኝ ነው» ትለኛለች። እኔም ፈርቼ ነበር። አጠገብ ያለን ሰው መናፈቅ ክፉ ነገር ነው።

እኔ ያኔ ካዛንቺስ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። መጽሐፉ የደረሰኝ እዚያ ነው። ባለታሪኩ የወታደራዊ ፖሊስ ሻምበል ነው። አንድ የነዳጅ መጋዘን ዘበኛ ሞቶ ይገኛል፤ ሻምበሉ ገዳዩን ሲፈልግ የነዳጁን ሌቦች ያገኛል፤ ክሩን ሲስበው ከአሥር አለቃ ወደ ሻለቃ፣ ከሻለቃ ወደ ኮሎኔል እያለ ሽቅብ ይወስደዋል። ጫፉ ላይ ጄኔራል ተቀምጧል። ተኩስ አለ፣ መኪና ማሳደድ አለ፣ እንደ ደንቡ አንዲት ቆንጆ ነርስም አለች። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ወረፋ ተያዘለት። ያን ሰሞን ባለጉዳይ መጥቶ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ከተባለ፣ ኃላፊው በር ዘግተው ከሻምበሉ ጋር ነዳጅ መጋዘን ውስጥ አድፍጠዋል ማለት ነው።

ሰው ለምን እንዲያ እንዳበደለት ሳስበው፣ ምክንያቱ ተኩሱም ነርሷም አልነበሩም። እኛ መሥሪያ ቤት «የበላይ አካል» የሚባል ነገር አለ። ደብዳቤው ለምን ዘገየ? የበላይ አካል ጋ ነው። ዕድገቱ ለምን ቀረ? የበላይ አካል አላመነበትም። የበላይ አካልን በዓይኑ ያየ ግን የለም፤ ሞልቶ የሚታየው የበታች አካል ብቻ ነው። ያ ሻምበል ደግሞ ደረጃውን እየወጣ የበላይ አካልን በር ያንኳኳል። ያውም በትሕትና፤ ከላዩ ያለውን ሁሉ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ጌታዬ፣ እርስዎ» እያለ ነው የሚጠይቀው። አንባቢው ታዲያ ገጽ በገለጠ ቁጥር አንድ ነገር ይጠብቃል፤ ይህ ሰው «እርስዎ» ማለቱን የሚተወው መቼ ነው?

ጮክ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ልብስ ሰፊው ጋ ነው። ከሥራ ስንወጣ የታክሲው ሰልፍ ረጅም ስለሆነ፣ እስኪያጥር ድረስ መንገድ ዳር ካለች አንዲት ስፌት ቤት እገባለሁ። ልብስ ሰፊው የቀድሞ ወታደር ነው። ጦሩ ውስጥ ሥራው ቁልፍና ማዕረግ መስፋት ስለነበር «እኔ የተዋጋሁት በመርፌ ነው» ይላል። ሚስቱ እዚያው ቤት፣ በሩ አጠገብ ሻይ ትሸጣለች። የሁለቱም እጅ ሥራ ላይ ነው፤ ጆሯቸው ግን ሥራ ፈት ነው። አንድ ቀን «አንቺ ልጅ፣ ለብቻሽ አትሳቂ፣ ለኛም አካፍይን እንጂ» አለችኝ፤ ከዚያ ወዲያ አንባቢያቸው ሆንኩ። ቀስ በቀስ ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው፣ ሻይ ሊጠጣ የገባው፣ እንደኔ ታክሲ ያጣው ሁሉ ቤቱን ሞላው።

የተጠበቀው ገጽ ደረሰ። ጄኔራሉ ጠረጴዛው ጀርባ ተንፈላሶ «ማን መሆኔን ታውቃለህ?» ይላል። ሻምበሉ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ይሰጣል። እጁን ያወርዳል። ከዚያም፦

«አንተ! ተነስ!»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሻዩ ገነፈለ። ሱሪው እየተጠበበለት መጋረጃ ጀርባ የቆመ ጎልማሳ አንገቱን ብቻ አውጥቶ «ድገሚው በናትሽ!» አለ። ደገምኩት፣ ሠለስኩት። በማግስቱ አለቃችን በኮሪደሩ ሲያልፉ ከበስተኋላቸው አንድ ሰው «አንተ ተነስ» ብሎ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ። እሳቸውም ሰምተው ፈገግ አሉ፤ ከበላያቸው ያለውን ሰውዬ አስበው መሆን አለበት።

ገጹን ባነበብኩበት ዕለት፣ እራት ላይ ደስታው አልበርድልኝ ብሎ ታሪኩን ለእናቴ ተረኩላት። አባቴ እንደ ወትሮው አንገቱን ደፍቶ ይበላል። «አንተ ተነስ አለው!» ስል የጠቀለለውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰው።

«ማነው እሱ?» አለ።

«ሻምበሉ ነዋ፣ ኤምፒው።»

«ውሸት! ኤምፒ አንተ አይልም።»

እናቴ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ፤ ቀጥይ ማለቷ ነው። ሻምበሉ ብቻውን እየሄደ ሰው እንደሚይዝ ነገርኩት። «ብቻውን? ኤምፒ ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው! ምስክሩ ማን ሊሆን ነው?» አለ። በየበሩ ሽጉጥ እንደሚመዝ ነገርኩት። ይሄኔ ጭራሽ ብድግ አለ። እናቴ ሳህን የምታነሳ መስላ ጓዳ ገባችና «ተቆጣልኝ! እሰይ፣ ተቆጣልኝ!» እያለች በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ሥራዬ ይኸው ሆነ። መጽሐፉ አልቆ በሕዝብ ጥያቄ እንደገና ስለጀመርነው፣ ካዛንቺስ አነባለሁ፤ ቂርቆስ ገብቼ የሻምበሉን ጥፋት አቀርባለሁ። አባቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ «እሺ፣ ዛሬስ ምን አጠፋ?» ይለኛል። ጥፋት ሲያልቅብኝ ከራሴ እየጨመርኩ ስሙን አጠፋለሁ፤ ሻምበሉ ይቅር ይበለኝ። የአባቴን እርማት ደግሞ በማግስቱ ስፌት ቤት አደርሳለሁ። እዚያ ግን እርማት የሚፈልግ ሰው አልነበረም።

«አባትሽ መጽሐፉን ያነበቡት አልመሰለኝም» አለ ልብስ ሰፊው።

«ሻምበላችንን አይንኩብን በያቸው፣ በቃ!» አለች ሚስቱ።

ይህን ስነግረው አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ። «እኔን? ሥራውን የኖርኩበትን ሰውዬ?»

«ታዲያ ሄደህ አትነግራቸውም?» አለች እናቴ፣ ምንም እንዳላሰበች ሆና።

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ካዛንቺስ?» አለ። «እኔ ካዛንቺስ አልሄድም። የዚያን አካባቢ ቡና ቤቶች ስንት ዓመት የዞርኩባቸው እኔ ነኝ። ጠጥቶ የረበሸውን ወታደር ሁሉ ከወንበሩ አንስቼ የወሰድኩት እኔ ነኝ። ዛሬ ሁሉም ሲቪል ሆኖ በየመንገዱ አለ። ማን ነው ደስ ብሎት የሚያየኝ?»

እኛ ሥራው ቀርቶበት ያዘነ መስሎን ነበር። ለካ ሰው ፊት መውጣት ነው የፈራው። እናቴም «ኤምፒ አንተ አይልም ብለሃል አይደል?» አለችው። «ያከበርከው ሰው ምን ያደርግሃል? ይልቅ ጢምህን ተላጭ።»

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ በሩ ላይ ቆሞ አገኘሁት። ጢሙን ተላጭቷል፣ ጫማውን አብርቷል፣ ኮቱን እስከ ላይ ቆልፏል። ስፌት ቤቱ ስንደርስ ወደ ውስጥ አልገባም፤ መቃኑን ተደግፎ ቆመ። ዕድል ሆኖ ያን ዕለት ሰዉ የጄኔራሉን ገጽ ካላነበብሽልን ብሎ ያዘኝ። አነበብኩት። «አንተ! ተነስ!» ስል ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

«ውሸት ነው» አለ አባቴ፣ ከበሩ።

ሁሉም ዞሮ አየው። «አባቴ ነው» አልኩ።

ሳቅ ሆነ። «ሃምሳ አለቃ፣ እርስዎ ቢሆኑ ታዲያ ምን ይሉት ነበር?» ብሎ ልብስ ሰፊው በፌዝ ጠየቀው።

«የሰከረን ሰው አንተ ካሉት ይጣላል» አለ አባቴ። «እርስዎ ካሉት ግራ ይገባዋል። ግራ እንደገባው በሩ ጋ ያደርሱታል።»

ከዚያ ሳይታወቀው ወደ ውስጥ ገባ። መኪናው ላይ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ ፊት ቆመ፣ ተረከዙን ገጠመ፣ ጎንበስ ብሎ በዝግታ «ይቅርታ ጌታዬ፣ ውጭ የሚፈልግዎ ሰው አለ። ኮፍያዎን እንዳይረሱ» አለው። ቀና ብሎም አብራራልን፤ «ኮፍያውን የሚፈልግ ሰው ጠብ ትዝ አይለውም።»

በሩ አጠገብ ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

«ኮፍያዎን እንዳይረሱ!» ብላ ጮኸች ባለሻይዋ። «እርስዎ ነዎት! ያ ኤምፒ እርስዎ ነዎት!»

የአባቴ ፊት አመድ መሰለ። ያን ሁሉ ጊዜ መስኮት ሥር የተቀመጠው ይህን ላለመስማት ነበር። ልብስ ሰፊው መቀሱን እንደያዘ ትክ ብሎ አየው። «እውነትም» አለ ቀስ ብሎ፤ «ወስደው ያሳሰሩኝ እርስዎ ነዎት።» እኔ መጽሐፉን ደረቴ ላይ ለጠፍኩ። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ፣ ሰውዬውን በሰላም ከተቀመጠበት አንስቼ ያመጣሁት አልኩ።

ሴትየዋ ግን መናገር እስኪያቅታት እየሳቀች ነበር። ሳታገባ በፊት ካዛንቺስ አንድ ቡና ቤት አስተናጋጅ ነበረች። የዛሬው ባሏ ያኔ ሲቪል ለብሶ መጥቶ፣ ጠጥቶ፣ እየጨፈረ ወንበር ሲገለብጥ ኤምፒ ይገባል።

«እኔ ምኑን አውቄ!» አለች። «ሌላው ኤምፒ ሁሉ ሲገባ ‹አንተ፣ ውጣ!› ነው የሚለው። ይሄን ግን ‹እርስዎ› አሉት። ‹ኮፍያዎን› አሉት። ትልቅ ሰው ነው አልኩ በልቤ፤ ሲቪል የለበሰ ሻለቃ ነው አልኩ! ተመልሶ ሲመጣ ከሰው ሁሉ አስቀድሜ እሱን አስተናገድኩ። ቁልፍ ሰፊ መሆኑን ያወቅኩት ከተጋባን በኋላ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያልሳቀው ልብስ ሰፊው ብቻ ነበር።

«በጭፈራዬ የወደድሽኝ መስሎኝ ነበር» አላት። «ይሄን ሁሉ ዓመት!»

«በጭፈራህ? ወንበር ስትገለብጥ?»

ልብስ ሰፊው ወደ አባቴ ዞረ። «ኮፍያ እኮ አልነበረኝም» አለው። «‹ኮፍያዎን› ሲሉኝ ደንግጬ የሰው ኮፍያ አድርጌ ነው የወጣሁት።» ይህን ብሎ እሱም አልቻለም፤ ሳቁን ለቀቀው። ከዚያ ተነሳና ደንበኛ የሚያስቀምጥበትን ባለመደገፊያ ወንበር ከክርና ከቁርጥራጭ ጨርቅ ጠራርጎ አባቴ ፊት አኖረው። «ይቀመጡ፣ ሃምሳ አለቃ። ለካ ሽማግሌዬ እርስዎ ነበሩ። ሽማግሌ ቆሞ አይሰማም።»

አባቴ ተቀመጠ። ሻይ ተሰጠው። ግን አንድ ነገር ከንክኖታል።

«ሌሎቹ አንተ ይሉ ነበር?» ብሎ ሴትየዋን ጠየቃት።

«ሁሉም!»

ራሱን ነቀነቀ። «አይልም። ኤምፒ አንተ አይልም» አለ፣ ለራሱ ያህል።

የጦሩ ደንብ እያለ የነገረን የገዛ ራሱ ደንብ መሆኑን እኔም ያን ዕለት ነው የሰማሁት። በጣም ኮራሁበት። እንባዬ ሲመጣ ገጽ የምፈልግ መስዬ አንገቴን ደፋሁ፤ ከዚያ ንባቡን ቀጠልኩ። አባቴ በየአንቀጹ «ቆይ፣ ቆይ» እያለ ያስቆመኛል፤ ሰዉ «ኧረ ይተዉን!» እያለ ይጮህበታል፤ እሱ ደግሞ በጩኸቱ ደስ ይለዋል። ሱሪያቸውን የተረከቡ ሰዎች እንኳ አልሄዱም።

ስንወጣ የታክሲው ሰልፍ አጥሮ ነበር። አባቴ ግን በእግር እንሂድ አለ። በስታዲየም በኩል ወደ ቂርቆስ ስንወርድ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም እጁን እያነሳ ሰላምታ ይሰጥ ነበር። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል እሱ ጠየቀኝ።

«ነገም ታነቢያለሽ?»

«አነባለሁ አባዬ።»

«እንግዲያው ቀደም ብዬ እመጣለሁ» አለ። «ወንበሬን ሰው እንዳይዝብኝ።»